ከቤዝቦል እስከ ኤጀንት

አንድ የሽያጭ ኃላፊ ዛሬ «ባለፈው ሩብ ዓመት ብዙ ደንበኛ የለቀቀን ከየትኛው ቅርንጫፍ ነው?» ብሎ ቢጽፍ፣ ኤጀንት የተባለው ፕሮግራም የድርጅቱን ሠንጠረዦች አገላብጦ፣ መጠይቁን የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ በሆነው በኤስኪውኤል ጽፎ፣ መልሱን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ያቀርብለታል። ነገሩ ትናንት የተፈለሰፈ ይመስላል። ሐሳቡ ግን ኤስኪውኤልን ራሱን በዕድሜ ይበልጠዋል።

በ1961 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካው ኤምአይቲ ሊንከን ላቦራቶሪ በርት ግሪንና ባልደረቦቹ «ቤዝቦል» የተሰኘ ፕሮግራም ይፋ አደረጉ። የሚያውቀው የአንድ ሊግ የአንድ ዓመት ጨዋታዎችን ብቻ ነበር፤ የትኛው ቡድን፣ መቼ፣ የት ተጫውቶ፣ ስንት ለስንት እንደወጣ። ጥያቄው በተበሳ ካርድ፣ በእንግሊዝኛ ይገባል። «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» የሚል ያለበትን ጥያቄ ግን አይቀበልም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ነገሩ ጨረቃ ደረሰ። የቢቢኤን ኩባንያው ዊሊያም ዉድስ የአፖሎ ጉዞ ያመጣቸውን ድንጋዮች የኬሚካል ትንታኔ ሥነ ምድር አዋቂዎች በራሳቸው አነጋገር እንዲጠይቁ «ሉናር»ን ሠራ። በ1971 ሂዩስተን በተደረገ የጨረቃ ሳይንስ ጉባኤ ላይ እንግዶቹ ራሳቸው ፈተኑት። ከቀረቡለት ጥያቄዎች 78 በመቶውን በትክክል መለሰ፤ ጥቃቅን ጉድለቶቹ ሲታረሙ 90 በመቶ ደረሰ። ለዘመኑ ድንቅ ነው። ነገር ግን ጠያቂዎቹ ሁሉ አንድ ሙያ ያላቸው፣ የሚጠይቁትም ስለ አንድ ጉዳይ እንደነበር አንርሳ።

በሌላ በኩል፣ በ1970 የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ መረጃ በሠንጠረዥ እንዲደራጅ የሚያደርገውን የሪሌሽናል ሞዴል አሳተመ። በ1974 የሥራ ባልደረቦቹ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በዚያ ላይ ተመሥርተው የዛሬውን ኤስኪውኤል አስተዋወቁ። ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ ባለሙያም ይጠቀምበታል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ ተስፋው ሳይሰምር የፕሮግራመሮች መሣሪያ ሆኖ ቀረ። ኮድ ራሱ በዚያው ዓመት ሌላ መንገድ አሳየ፤ «ራንዴቩ» አለው። ሰውየው በተራ እንግሊዝኛ ይጠይቃል። ያልገባው ነገር ካለ ኮምፒውተሩ መልሶ ይጠይቀዋል፤ መረጃውን ከመፈለጉ በፊትም «የጠየቅኸኝ ይህንን ነው?» ብሎ የተረዳውን በራሱ አገላለጽ ይደግምለታል። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከቀረቡት ሐሳቦች የላቀው ይህ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋውም እሱው።

ቀጥሎ የመጣው የገበያ ዘመን ነው። ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የመርከብ መረጃ «ላደር»፣ ለትልልቅ ድርጅቶች «ኢንተለክት»፣ ለግል ኮምፒውተር የሲማንቴክ «ኪው ኤንድ ኤ» ተሠሩ። ማይክሮሶፍትም ከኤስኪውኤል ሰርቨር ጋር «ኢንግሊሽ ኩዌሪ»ን ሸጦ፣ በኋላ ተወው። የሁሉም ደዌ አንድ ነበር፦ ለእያንዳንዱ አዲስ ዳታቤዝ የቃላቱን ትርጉም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ መጻፍ ነበረበት።

ያንን ድካም የቀነሰው ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም ነው። በ2018 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 200 ዳታቤዞችንና 10,181 ጥያቄዎችን የያዘ «ስፓይደር» የተባለ መፈተኛ አወጡ። ትልልቆቹ የቋንቋ ሞዴሎች ሲመጡ ውጤቱ ከ90 በመቶ በላይ ወጣና ብዙዎች ነገሩ አለቀለት አሉ። አላለቀም። በ2023 የወጣው «በርድ» የተባለ መፈተኛ የተዝረከረከ እውነተኛ መረጃ ሲያቀርብ ሰዎች 93 በመቶ ገደማ ሲያገኙ ጂፒቲ-4 በመጀመሪያ ያገኘው 55 በመቶ ገደማ ነበር። ሁለተኛው ስፓይደር ደግሞ በ2024 ከድርጅቶች ሥራ የተወሰዱ 632 ችግሮችን ሰጠ፤ ስህተቱን እያየ የሚያርም ኤጀንት እንኳ በመጀመሪያ የፈታው ከአምስት አንዱን ያህል ነበር።

ምክንያቱ ሰዋስው አይደለም፤ ያንን ማሽኑ ተሻግሮታል። አንድ ትእዛዝ ሦስት ዕቃ ይዞ፣ የክፍያው ሠንጠረዥ ከዕቃዎቹ ሠንጠረዥ ጋር በዘፈቀደ ቢጣመር፣ የአንዱ ትእዛዝ ክፍያ ሦስት ጊዜ ይደመራል። ኤስኪውኤሉ እንከን የለውም፤ የስህተት መልእክትም አይመጣም፤ ቁጥሩ ብቻ ውሸት ነው። በእኛም ቤት ሌላ ወጥመድ አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ አዲስ ዓመት መስከረም 1 ይብታል፣ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ቀን ግን አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ነው። «ዘንድሮ ስንት ገቢ አገኘን?» ለሚል ጥያቄ ሦስት የተለያዩ መልሶች አሉ፤ ኤጀንቱ አንዱን መርጦ ሳያቅማማ ይናገራል። የድሮዎቹ ቢያንስ «አልገባኝም» ይሉ ነበር።

ኤጀንት ከዳታቤዝ ጋር ማገናኘት እንደ ኤምሲፒ ያሉ የጋራ ደንቦች ከወጡ ወዲህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ሆኗል። ጠንቃቃ የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ማንበብ ብቻ የሚችል የመግቢያ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ መሰረዝና መለወጥ ይከለክለዋል። ይህ ግን መረጃውን ከጥፋት ያድን እንደሆነ እንጂ አለቃውን ከተሳሳተ ቁጥር አያድነውም። ለዚያ ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚያቀርቡት መፍትሔ የተጻፈውን ኤስኪውኤል ከመልሱ ሥር ማሳየት ነው። የሽያጭ ኃላፊው ኤስኪውኤል ማንበብ ቢችል ኖሮማ መጀመሪያውኑ ራሱ በጻፈው!