የሞተር ሕመምና የማስጠንቀቂያዋ መብራት ታሪክ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ በየቀኑ በዓይናችን የምናየው ሆኖ ሳለ ታሪኩን ግን ብዙ ሰው ያላጠናው ነው። ይኸውም በአውቶሞቢል ውስጥ በሾፌሩ ፊት ለፊት የምትበራው፥ የሞተር ሥዕል ያለባት ትንሽ ቢጫ መብራት ናት። አብዛኛው ባለመኪና ይህች መብራት ለእርሱ ጥቅም፥ ማለት ሞተሩ እንዳይበላሽበት የተሠራች ይመስለዋል። የነገሩን ሥር ስንመረምር ግን መብራቲቱን ያስገኛት የባለመኪናው ጥቅም ሳይሆን በመንገድ ዳር ቆሞ ጢሱን የሚተነፍሰው ሰው ጤና መሆኑን እንረዳለን። ይህንን ለማስረዳት በመጀመሪያ ከመብራቲቱ በፊት የሞተር ሕመም እንዴት ይታወቅ እንደ ነበረ፥ ቀጥለንም መብራቲቱ እንዴት እንደ መጣች፥ በመጨረሻም ምን ለመናገር እንደምትችልና ምን እንደማትችል እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

1ኛ፤ ከመብራቲቱ በፊት

የቤንዚን ሞተር የሚሠራው በየሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀውን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ከካንዴላ በሚወጣ ፍንጣሪ በማቃጠል ነው። ከሲሊንደሮቹ አንዱ ተራው ደርሶ ሳይቀጣጠል ሲቀር ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፥ ጉልበቱም ይቀንሳል። መካኒኮች «ሞተሩ ይቆራርጣል» የሚሉት ይህንን ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ካንዴላው ጥላሸት ይዞ፥ ቦቢናው ደክሞ፥ ሽቦው ተበጥሶ፥ ቤንዚኑ አንሶ ወይም በዝቶ፥ ወይም ቫልቩ በደንብ ባለመዘጋቱ እመቃው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የቀድሞው መካኒክ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ሁለት ነበሩ። የታመመው ሲሊንደር የትኛው ነው? ሕመሙስ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ እንዴት ይመለስ እንደ ነበረ ለማወቅ ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ድረስ የሠራውን፥ ቁጥሩም ከ15 ሚሊዮን በላይ የደረሰውን ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና እንመልከት። በዚህ መኪና ለአራቱ ሲሊንደሮች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቦቢና ነበራቸው። አራቱም በሾፌሩ ፊት በሣጥን ውስጥ ተቀምጠው በላያቸው ያለችው ቀጭን ብረት ስትርገበገብ እንደ ንብ ይጮኹ ነበር። ሞተሩ ሲቆራርጥ ሾፌሩ እነዚህን ብረቶች በየተራ በጣቱ ተጭኖ ያቆማቸዋል። አንዱን ሲያቆም ሞተሩ ከደከመ ያ ሲሊንደር ሲሠራ ነበረ ማለት ነው። አንዱን አቁሞ ምንም ለውጥ ካልተሰማው ግን የታመመው እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሁሉም ሲሊንደር አንድ ቦቢና ብቻ ያላቸው መኪናዎች ሲበዙ መካኒኩ በጣቱ ፈንታ የእንጨት እጀታ ያለውን ካቻቪቴ ተጠቅሞ ፍንጣሪውን ከካንዴላው ወደ ሞተሩ ብረት ያስተላልፍ ነበር። መሣሪያው ቢለወጥም ሐሳቡ አልተለወጠም፤ መቅረቱ ያልታወቀው አስቀድሞም ሥራ ያልነበረው ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን በመመልከት ነበር። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፥ እርጥብ ቅባት ዘይት ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን፥ ነጭነት ከልክ ያለፈ ሙቀትን ያመለክታል። ቡናማ ካንዴላ ጤነኛ ነው። ከዚህ እንደምናየው የሕመሙ ዕውቀት በሙሉ በመካኒኩ ጆሮ፥ ዓይንና ጣት ውስጥ ነበረ።

እርግጥ ነው፥ በ1930ዎቹ ዓመታት ሃድሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የዘይትና የባትሪ መለኪያዎችን አስቀርቶ በምትካቸው ቀይ መብራቶችን አግብቶ ነበር። መለኪያ ማንበብ የለመዱት ሾፌሮች ግን ነገሩን ንቀው «የሞኝ መብራት» የሚል ስም አወጡለት። እነዚህ መብራቶች በእውነት ለባለመኪናው ጥቅም የተሠሩ ነበሩ። ነገር ግን ሞተር መቆራረጡን የሚናገር መብራት በዚያ ዘመን አልነበረም፤ የሚፈልገውም ሰው አልነበረም፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋልና።

2ኛ፤ የሎስ አንጀለስ ጭጋግ

ታሪኩ መንገዱን የለወጠው በጋራዥ ውስጥ ሳይሆን በአንዲት ከተማ አየር ላይ ነው። በሐምሌ ወር 1943 በካሊፎርኒያ የምትገኘውን የሎስ አንጀለስን ከተማ ዓይን የሚያቃጥልና ጉሮሮ የሚከረክር ጭጋግ ሸፈናት። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ስለ ነበረ ጃፓኖች በመርዝ ጋዝ የመቱን መስሏቸው የደነገጡ ነበሩ። በኋላም ጥፋቱ በአንድ የሰው ሠራሽ ጎማ ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ ላይ ተላከከ፤ ይሁን እንጂ ፋብሪካው ሲዘጋ ጭጋጉ አልጠፋም።

እውነተኛውን ምክንያት ያገኙት አሪ ሃገን ስሚት የተባሉ፥ በሆላንድ ተወልደው በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምሩ የነበሩ የኬሚስትሪ ሊቅ ናቸው። እኒህ ሰው ቀድሞ የአናናስን ሽታና ጣዕም ይመረምሩ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጭጋጉ የሚፈጠረው ያልተቃጠለ ቤንዚንና ከመኪና ጢስ የሚወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ሲዋሐዱ መሆኑን አስረዱ። ይህም ማለት ወንጀለኛው ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ባለመኪና ነበረ ማለት ነው።

ኩባንያዎቹ ለረጅም ጊዜ ቢከራከሩም ነገሩ ወደ ሕግ አመራ። በ1967 የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበርም ሃገን ስሚት ሆኑ። በ1970 የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ከአዲስ መኪና የሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ከመቶ 90 እጅ እንዲቀነስ አዘዘ። ይህንን ለመፈጸም ከ1975 ሞዴል ጀምሮ በአብዛኞቹ የአሜሪካ መኪናዎች ጢስ መውጫ ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የተባለው ጢስ ማጣሪያ ተገጠመ።

የሞተር መቆራረጥ ትርጉም የተለወጠው በዚህ ጊዜ ነው። አንድ ሲሊንደር ሳይቀጣጠል ሲቀር ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጋለው ማጣሪያ ይደርስና እዚያ ይቃጠላል፤ ሙቀቱም የማጣሪያውን ውስጥ እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ማጣሪያው ከጠፋ ደግሞ መኪናው እንደ ልቡ መሄዱን ስለሚቀጥል ሾፌሩ ምንም አይታወቀውም። እንግዲህ ቀድሞ የአንድ ሰው ችግር የነበረው መቆራረጥ አሁን የከተማ ሁሉ ችግር ሆነ። ጆሮም አይበቃም፤ ምክንያቱም ሕመሙን የሚሰማው ሌላ፥ የሚጎዳበትም ሌላ ነው።

3ኛ፤ ኮምፒዩተሩ መናገር ጀመረ

በ1981 ጄኔራል ሞተርስ የቤንዚንና የአየር መጠን የሚቆጣጠር ኮምፒዩተር በአሜሪካ ለሚሸጣቸው የቤንዚን መኪናዎች ከሞላ ጐደል ለሁሉም ገጠመላቸው፤ «ሞተሩን አስመርምር» የምትለው መብራትም ከእርሱ ጋር መጣች። መካኒኩ በመሪው ሥር ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአንዲት የታጠፈች ሽቦ ሲያገናኝ መብራቲቱ ብልጭ ድርግም እያለች ቁጥር ትነግረው ነበር። አንድ ጊዜ በርታ ጥቂት ቆይታ ሁለት ጊዜ ስትደግም ቁጥሩ 12 ይሆናል።

ካሊፎርኒያ ይህን የመሰለውን ምርመራ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ አደረገችው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ቁጥርና የራሱ ሶኬት ስለ ነበረው መካኒኮች ተቸገሩ። ሁለተኛው ሕግ ይህንን አስተካክሎ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በመላው አሜሪካ ለሚሸጡ ትናንሽ መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ባለ 16 እግር ሶኬትና አንድ ዓይነት የቁጥር ቋንቋ ደነገገ። አውሮጳም ከ2001 ጀምሮ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች ተመሳሳይ ሕግ በሥራ ላይ አዋለች። ዛሬ ፒ0301 የሚለው ምልክት አንደኛው ሲሊንደር መሳቱን፥ ፒ0300 ደግሞ መሳቱ በአንድ ሲሊንደር ብቻ አለመወሰኑን ያመለክታል።

ኮምፒዩተሩ መሳቱን የሚያውቅበት ዘዴ የሚያስደንቅ ነው። እያንዳንዱ ቃጠሎ ክራንክ ሻፍቱን ለጥቂት ጊዜ ያፈጥነዋል፤ ቃጠሎ ሲቀር በዚያች ቅጽበት ይዘገያል። ኮምፒዩተሩ ይህን መዘግየት ይቈጥራል። በ200 ዙር ውስጥ ማጣሪያውን የሚያጠፋ ያህል መሳት ካገኘ መብራቲቱ ብልጭ ድርግም ትላለች። መሳቱ ቀላል ሆኖ ጢሱን ከሕጉ ልክ የሚያሳልፍ ከሆነ ግን በረጋ ብርሃን ትበራለች። የሞዴል ቲ ሾፌር በጣቱ ያደርገው ከነበረው ጋር ስናስተያየው ጥያቄው ያው ነው፤ የማን ድርሻ ጐደለ?

4ኛ፤ መብራቲቱ የማትናገረው

መብራቲቱ የምትመልሰው ከሁለቱ ጥያቄዎች የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ሳተ ትላለች እንጂ ካንዴላው ይሁን ቦቢናው፥ ወይም ቫልቩ፥ አትናገርም። ስለዚህ ብልህ መካኒክ ቁጥሩን ካነበበ በኋላ የሦስተኛውን ቦቢና ወደ ሁለተኛው አዛውሮ ሕመሙ ተከትሎት እንደ ሄደ ያያል። ቁጥሩን አንብቦ ወዲያው ዕቃ የሚያስገዛ ግን ምርመራውን በመካከል የተወ ነው።

ከዚህም የከፋ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ቁጥሩን ደምስሶ መኪናውን «ድኗል» ብሎ ማስረከብ ነው። መብራቲቱ ትጠፋለች፥ ሕመሙ ግን ይቀራል። ሁለተኛው መሣሪያው ራሱ እንዲዋሽ ማድረግ ነው። በመስከረም 2015 የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደ ገለጸው፥ ቮልስዋገን በናፍጣ መኪናዎቹ ኮምፒዩተር ውስጥ ምርመራ ሲደረግ ብቻ ጢሱን የሚያጣራ ፕሮግራም አስገብቶ ነበር። በመላው ዓለም ይህ ያለባቸው መኪናዎች 11 ሚሊዮን ያህል መሆናቸውን ኩባንያው ራሱ አመነ። ጢሱ ከሕጉ እጅግ አልፎ ሲወጣ መብራቲቱ በሾፌሩ ፊት ዝም ብላ ነበር። ለነገሩ መገለጥ መነሻ የሆነው በምዕራብ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መምህራንና ተማሪዎች የመለኪያ መሣሪያ በመኪና ላይ ጭነው በመንገድ ላይ ያደረጉት ጥናት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ልናስተውለው የሚገባን የዕውቀቱ ባለቤት ማን ነው የሚለውን ነው። በሞዴል ቲ ዘመን ጣት ያለው ሁሉ መርማሪ ነበረ። ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ዕውቀቱ በፋብሪካው እጅ ሊቀር ይችል ነበር። የ1990ው የአሜሪካ ማሻሻያ ሕግ ግን የጢስን ሁኔታ የሚመለከተው የምርመራ መረጃ ለማንኛውም ጠጋኝ ክፍት እንዲሆን አዘዘ። ዛሬ በአዲስ አበባ በአንድ ትንሽ ጋራዥ ያለ ወጣት ርካሽ ማንበቢያ ሰክቶ በሩቅ አገር የተሠራን መኪና ሕመም ለማንበብ መቻሉ አንድም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው መብራቲቱ ዳኛ ሳትሆን መጥሪያ መሆኗን ነው። የተጠራ ሰው ይቀርባል፥ ነገሩም ይመረመራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በመኪና ነገር ግን የሚደብቀው አንዱ ሲሆን የሚያስለው ሌላው ነው። ስለዚህ ቁጥር ደምስሶ መብራት የሚያጠፋው ጠጋኝ የሚያታልለው ባለመኪናውን ብቻ ሳይሆን በመንገድ ዳር የሚያልፈውን ሕፃን ጭምር መሆኑን ሊያውቀው ይገባል።