ስሙ የተሰወረ ግጥም

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ መማሩ በምን ይመዘናል? የደራስያንን ስምና ዘመን በመቍጠር ነውን? በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አይ. ኤ. ሪቻርድስ ይህን ነገር መረመረ። የባለቅኔውን ስም ሰውሮ ግጥሙን ብቻ ለተማሪዎቹ ያድል ነበር፤ እነርሱም ፍርዳቸውን ጽፈው ይመልሱለታል። ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታተመ። ካህንና ባለቅኔ የነበረው ጆን ደን ስለ ዕለተ ምጽአት የደረሰውን እንኳ የነቀፉ ጥቂቶች አልነበሩም፤ የቃሉን ግልጽ ትርጓሜ የሳቱም ተገኙ። ሪቻርድስ ግን ጥፋቱን በተማሪዎቹ ስንፍና ላይ አልጣለም፤ ማንበብን ባላስተማራቸው ትምህርት ላይ እንጂ። እንግዲህ ስምን የሚጠይቅ ፈተና ሰሙን ይመዝናል፤ ስምን የሰወረው ግን ወርቁን። ተማሪውን የመዘነው ሚዛን መምህሩንም መዘነ።