የንጉሠ ነገሥት ታይዞንግና የመካሪው የዌይ ዠንግ ዜና

በ618 ዓ.ም. የሱይ ንጉሥ ያንግ በጂያንግዱ ከተማ በገዛ ዘበኞቹ እጅ ሞተ። (በዚህ ዜና ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።) ይህ ንጉሥ ታላቁን ቦይ ያስቆፈረ፣ በኮርያ ምድር በነበረው በጎጉርዮ መንግሥት ላይ በ612፣ በ613ና በ614 ዓ.ም. ዘምቶ የልቡ ሳይደርስለት የቀረ ነው። ገበሬው ወደ ቁፋሮና ወደ ዘመቻ ተነድቶ እርሻው ጦም አደረ፤ አገሩም ሸፈተ። ንጉሡ እውነት የሚነግረውን ይቀጣ ስለ ነበር፣ ጥፋቱ ደጁ ሲደርስ የሚያስጠነቅቀው አልተገኘም። በዚያው ዓመት ሊ ዩዋን የሚባለው መኰንን የታንግን መንግሥት አቁሞ በቻንግአን ነገሠ።

የሊ ዩዋን ታላቅ ልጅ ሊ ጂያንቼንግ አልጋ ወራሽ ተባለ። ሁለተኛው ልጅ ሊ ሺሚን ግን በጦር ሜዳ ስሙ የተጠራ ጀግና ነበረ፤ ባላንጣዎችን እየመታ አገር ያቀናው በአመዛኙ እርሱ ነው። በወንድማማቾቹም መካከል ፍርሃትና ቅናት ገባ። በአልጋ ወራሹ ቤት ዌይ ዠንግ የተባለ መካሪ ነበረ። በልጅነቱ አባቱ የሞተበት፣ በድህነት ያደገ፣ አንድ ጊዜም የዳዎ መነኩሴ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። እርሱም ሺሚን ሳይቀድምዎ ይቅደሙት እያለ ጌታውን ይመክር ነበር፤ ጌታው ግን አልሰማውም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳንሸፍን እንጽፋለን። ጁላይ 2 ቀን 626 ዓ.ም. ሊ ሺሚን በቤተ መንግሥቱ ሰሜን ባለው በሹዋንዉ በር አድፍጦ ታላቅ ወንድሙን በገዛ ቀስቱ ገደለ፤ ታናሽ ወንድሙ ሊ ዩዋንጂም በዚያው ቀን ሞተ። የሁለቱም ወንዶች ልጆች አልተረፉም። ጥቂት ቆይቶ አባቱ አልጋውን ለቀቀለትና እርሱ ነገሠ፤ በታሪክም ታይዞንግ ተብሎ ይታወቃል። ስለዚህ ንጉሥ በጎነት የሚያወሩ ብዙዎች ይህን ቀን በአንድ ቃል ያልፉታል። እኛ ግን እንዲህ ያለው ደም በበጎ አገዛዝ ታጠበ ብለን አንጽፍም።

ዌይ ዠንግም ተጠርቶ ቀረበ። ሺሚን ስለምን እኛን ወንድማማቾቹን አጣላኸን ብሎ በቁጣ ጠየቀው። በዚያ የቆሙት ሁሉ ፈሩለት። እርሱ ግን ሳይርበደበድ፣ አልጋ ወራሹ ምክሬን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ የዛሬው መከራ ባላገኘው ነበር ብሎ መለሰ። ሺሚንም ለጌታው የታመነውን ሰው አልገደለውም፤ ሾመው እንጂ። ሹመቱም ንጉሥ ሲሳሳት ፊት ለፊት መገሠጽ ነበር። በቻይና ይህ ማዕረግ ከጥንት የነበረ ነው፤ የኮንፉሺየስ ተከታዮች ጌታው ሲስት እያየ ዝም የሚል አገልጋይ ታማኝ አይደለም ብለው ያስተምሩ ነበርና። በያንግ ዘመን ግን የሚሰማ ንጉሥ ጠፍቶ ነበር።

ዌይ ዠንግም ሥራውን ቶሎ ጀመረ። ንጉሡ ዕድሜያቸው ያልደረሰ፣ ሰውነታቸው ግን የጠና ጐረምሶች ለጦር እንዲመለመሉ ባዘዘ ጊዜ፣ ዌይ ዠንግ በትእዛዙ ላይ አልፈርምም አለ። ደጋግመው ቢያመጡለትም ደጋግሞ እንቢ አለ። ንጉሡ ተቆጥቶ አስጠራው፤ ጐረምሶቹንም ግዳጅ ለመሸሽ ዕድሜያቸውን ይደብቃሉ ብሎ ከሰሳቸው። ዌይ ዠንግም ጃንሆይ በእምነት እገዛለሁ ብለው ሳለ፣ ከነገሡ ገና ብዙ ሳይቆዩ ለሕዝቡ የሰጡትን ቃል ስንት ጊዜ አፈረሱ ብሎ አንድ በአንድ ቈጠረለት። ንጉሡም ትእዛዙን ሻረ፤ መካሪውንም የወርቅ ማሰሮ ሸለመው።

ከዕለታት አንድ ቀንም ንጉሡ ከጉባኤ በንዴት ተነሥቶ ወደ እልፍኙ ገባ፤ ያንን ባላገር አንድ ቀን እገድለዋለሁ እያለ ይዝት ነበር። እቴጌ ጃንግሱን ማንን ነው ብላ ጠየቀችው። ዌይ ዠንግን ነው፤ በሰው ፊት ሁልጊዜ ያዋርደኛል አላት። እቴጌይቱ ምንም ሳትመልስ ወጣች፤ የክብር ልብሷንም ለብሳ ተመልሳ በፊቱ ቆመች። ንጉሡ ደንግጦ ምን ሆነሻል ቢላት፣ መካሪው ቀጥተኛ የሚሆነው ንጉሡ ብሩህ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ እንኳን ደስ አለዎ ልል መጣሁ አለችው። ቁጣውም በረደ። የዚያን ዘመን ምስጋና ለንጉሡና ለመካሪው ብቻ የሚያካፍሉ ሰዎች ለዚህች ሴት ዕዳ አለባቸው።

እቴጌይቱ በ636 ዓ.ም. ሞተች። ንጉሡም መቃብሯን ዣውሊንግን ከሩቅ የሚያይበት ማማ በቤተ መንግሥቱ አሠራ፤ ዌይ ዠንግንም ይዞት ወጣ። ዌይ ዠንግ ዐይኔ ፈዟል፣ አይታየኝም አለ። ንጉሡ በጣቱ ቢያሳየው፣ ጃንሆይ የአባትዎን መቃብር የሚመለከቱ መስሎኝ ነበር፤ የእቴጌይቱንማ አይቼዋለሁ አለ። ንጉሡ አለቀሰ፤ ማማውንም አስፈረሰ።

ንጉሡ ግን ሁልጊዜ በጊዜ አልተገታም። በ631 ዓ.ም. ጃንግ ዩንጉ የተባለውን ሹም በንዴት አስገደለና ተጸጸተ። ከዚያም በዋና ከተማው የሞት ፍርድ ከመፈጸሙ በፊት በሁለት ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በጠቅላይ ግዛት ሦስት ጊዜ እንዲመረመር ሕግ አወጣ። ሰው በሚገደልበትም ቀን በንጉሡ ማዕድ ሥጋ እንዳይቀርብ አዘዘ። ለሟቹ ምን ይፈይዳል? ከእርሱ በኋላ ለመጡት ግን ፈይዷል።

በ637 ዓ.ም. ንጉሡ በድሎቱ መዘናጋት ሲጀምር፣ ዌይ ዠንግ ዐሥር ነገሮችን እንዲያስብ ጽፎ አቀረበለት። ሕንጻ ሲያምርህ የሠራተኛውን ድካም አስብ፣ ስትቈጣ ቅጣትህ እንዳይበዛ አስብ፣ ስትደሰት ሽልማትህ እንዳይባክን አስብ የሚሉ ናቸው። ንጉሥን በጀልባ፣ ሕዝብን በውኃ የመሰለውን የጥንቱን ፈላስፋ የሹንዚን ትምህርትም አሳሰበው፤ ውኃው ጀልባውን ይሸከማል፣ ይገለብጠዋልም። የሱይ መንግሥት ሲገለበጥ ሁለቱም በዐይናቸው አይተው ነበርና ነገሩ ተረት አልነበረም።

በ643 ዓ.ም. ዌይ ዠንግ ሞተ። ንጉሡ አለቀሰ፤ የሐውልቱንም ጽሑፍ በገዛ እጁ ጻፈ። ብዙ ሳይቆይ ግን ዌይ ዠንግ ካመሰገናቸው ሰዎች አንዱ በሴራ ተገኘ፤ ዌይ ዠንግ ራሱም የተግሣጹን ጽሑፎች ለታሪክ ጸሐፊው ለቹ ሱይልያንግ አሳይቶ ነበር ተባለ። ንጉሡ ይህን ሲሰማ ለዌይ ዠንግ ልጅ ያጨለትን ልዕልት ከለከለ፤ ሐውልቱንም አስጣለ። የሚገታውም ሰው ስለ ሌለ በ645 ዓ.ም. ራሱ ጦር እየመራ በጎጉርዮ ላይ ዘመተ፤ ያ ያንግን ያጠፋው ዓይነት ዘመቻ ነው። የአንሲን ምሽግ መስበር አቃተው፤ ብርዱ መጣ፣ ስንቁ አለቀ፣ ፈረሶቹም በብዛት አለቁ። ሲመለስም ዌይ ዠንግ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ይህን ዘመቻ ባላስደረገኝ ነበር ብሎ ተጸጸተ፤ መልእክተኛ ልኮም ሐውልቱን አስነሣ፤ ሚስቱንና ልጆቹንም ጠርቶ ሸለመ።

ያ ቹ ሱይልያንግ ቀደም ሲል በ642 ዓ.ም. ንጉሡ የዕለት መዝገቡን ልየው ቢለው፣ ንጉሥ የራሱን ታሪክ ያየበት ዘመን አልሰማሁም ብሎ ከልክሎት ነበር። ክፉ ብሠራም ትጽፋለህን ቢለው፣ ሥራዬ መጻፍ ነውና እጽፋለሁ አለው። በተከታዩ ዓመት ግን ንጉሡ የተሰናዳውን ታሪክ አስመጥቶ አየ። የሹዋንዉን በር ነገር ሳትሸፍኑ ጻፉ ብሎ ማዘዙ ይነገራል፤ እኛ ግን ማየቱን እንነቅፋለን፤ ንጉሥ ያየው ታሪክ ከጥርጣሬ አይድንምና።

ታይዞንግ በ649 ዓ.ም. ሞተ። በ8ኛው መቶ ዘመን ዉ ጂንግ የተባለ ታሪክ ጸሐፊ የንጉሡንና የመካሪዎቹን ነገር በ40 ምዕራፍ ሰብስቦ ጻፈው፤ በጃፓንም ቶኩጋዋ ኢዬያሱ በ1600 ዓ.ም. አሳተመው። በሥልጣን ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ የዚህን ንጉሥ ታሪክ ስታነቡ የ626ንና የ645ን ዓመት አትዝለሉ።