የፋይል ስም ሲዋሽ

ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለ አንድ ፎቶ ምረጡና ስሙ መጨረሻ ላይ ያለውን ቅጥያ ወደ «ፒዲኤፍ» ቀይሩት። ፎቶው ፒዲኤፍ ሆነ? አልሆነም። የጤፍ ጆንያ ላይ «ስንዴ» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚያምነው ጆንያው ላይ የተጻፈውን ስለሆነ፣ የፒዲኤፍ መክፈቻውን ያስነሳና «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላችኋል። ስንት ሰው ደህና ፎቶውን በዚህ ምክንያት አጥፍቶት ይሆን!

ልማዱ የቆየ ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በ1970ዎቹ ጋሪ ኪልዳል የሠራው ሲፒኤም የተባለ ስርዓተ ክወና ለፋይል ስም 8፣ ለዓይነቱ ደግሞ 3 ፊደል ይፈቅድ ነበር። ዶስ ይህን ያዘ፣ ዊንዶውስም ከዶስ ወረሰ። መዘዙ በግንቦት 2000 በደንብ ታየ። የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በኢሜይል የተሰራጨው ቫይረስ ሁለት ቅጥያ ነበረው፤ የፊተኛው የጽሑፍ፣ የኋለኛው የፕሮግራም። ዊንዶውስ የኋለኛውን ስለሚደብቅ ሰዎች ተራ ጽሑፍ መስሏቸው ከፈቱት።

ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ዩኒክስን የሠሩት ሰዎች ሌላ መንገድ ነው የያዙት። ለእነሱ ስም ስም ብቻ ነው፤ ዓይነቱን ለማወቅ ውስጡን ማየት ነው። ለዚህ የሚያገለግለው «ፋይል» የሚባል ትእዛዝ ቢያንስ ከ1973 ጀምሮ አለ። ያኔ ዩኒክስ በሚሠራበት ፒዲፒ-11 ላይ ፕሮግራሞች በ407 ይጀምሩ ነበር (በስምንት ቤት አቆጣጠር)። ደስ የሚለው ምን መሰላችሁ? ቁጥሩ ለማሽኑ እውነተኛ ትእዛዝ ነበር፦ «የ16 ባይቱን መግቢያ ዝለልና ሥራ ጀምር»። እንዲህ ያሉ መለያዎች በኋላ «አስማታዊ ቁጥር» ተባሉ።

ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው በ1990ዎቹ አጋማሽ የተነደፈው የፒኤንጂ ምስል መለያ ነው፦ 137 80 78 71 13 10 26 10። 80፣ 78 እና 71 «ፒ»፣ «ኤን» እና «ጂ» የሚባሉት የላቲን ፊደላት ናቸው። 137 ከ127 ስለሚበልጥ፣ በባይት 7 ቢት ብቻ በሚያሳልፍ መስመር ቢሄድ ይለወጣል። 13 እና 10 የመስመር መጨረሻ ምልክቶች ናቸው፤ ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ የሚነካካ ፕሮግራም እነሱን ማዛባቱ ስለማይቀር ጉዳቱ ወዲያው ይታወቃል። 26 ደግሞ ዶስ ላይ አንድ ሰው ምስሉን እንደ ጽሑፍ ለማየት ቢሞክር ስክሪኑ በዝባዝንኬ እንዳይሞላ ያስቆመዋል። 8 ባይት ውስጥ ይህ ሁሉ!

ኢያን ዳርዊን በ1980ዎቹ እንደ አዲስ የጻፈው ነጻ የ«ፋይል» ቅጂ ዛሬ ሊኑክስና ማክ ላይ አለ። ተርሚናል ክፈቱ፣ ትእዛዙን ጻፉና የፋይሉን ስም አስከትሉ። «ይህ የጄፔግ ምስል ነው» ካላችሁና ቅጥያው ሌላ ከሆነ፣ ስሙን ቀይሩት።

ብቻ በጅምላ ለመቀየር አትቸኩሉ። ተራ ጽሑፍ አስማታዊ ቁጥር ስለሌለው ትእዛዙ በግምት ነው የሚናገረው። አዲሱ የወርድ ሰነድ ደግሞ ውስጡ ዚፕ ነው፤ የሚጀምረው በ80 እና 75፣ ማለትም የዚፕ ፈጣሪ የፊል ካትዝ ስም መነሻ በሆኑት ፊደላት ነው። የቆየ የ«ፋይል» ቅጂ «ዚፕ ነው» ቢላችሁ ስሙን ተዉት፤ እዚህ ላይ ሁለቱም ልክ ናቸው።