ከጀጎል የወጣ ዕድሜ

የሐረሪ ሕዝብ ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው «ስንት ናቸው?» ብለን ነው። እኔን ግን «በየትኛው ዕድሜ ያሉት ቀሩ?» የሚለው ይበልጥ ይከነክነኛል።

በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ በመላ አገሪቱ 21,757 ሐረሪዎች ሲመዘገቡ፣ በክልሉ የተገኙት 9,374 ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በላዩ ውጭ ነበር ማለት ነው! መነሻው ሩቅ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የኩሉብ እንቅስቃሴ ሲመታ እስሩና የንብረት ውርሱ ብዙዎችን ወደ አዲስ አበባ ገፋ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ከግንቡ ውጭ ከነበራቸው የእርሻ መሬት ነጠላቸው። ቀዬ ለቆ የሚሄደው ደግሞ መቼም በአብዛኛው ጉልበት ያለው ነው፤ ደጅ ጠባቂው ሽማግሌው ነው።

ይህ በሐረር ይበልጥ ይከብዳል። ሐረሪ በልጅነቱ ከእኩዮቹ ጋር የሚመሠርተው ጓደኝነት እስከ እርጅና አብሮት ይዘልቃል፤ ሠርጉንና ለቅሶውን የሚሸከምለት አፎቻው ነው። አንድ ጎረምሳ ሲሄድ ታዲያ እኩዮቹም ይጎድላሉ፣ አፎቻውም ያረጃል።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በክልሉ ያላቸው ድርሻ ከ7.1 ወደ 8.65 በመቶ ከፍ ብሏል። ከክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች 14ቱን የሚይዘውን የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ሲመርጡም ከክልሉ ውጭ የሚኖሩት ድምፅ ይሰጣሉ። አዲስ አበባ ተወልዶ ጀጎልን በዕረፍት ጊዜ ብቻ የሚያውቅ ወጣትም ከመራጮቹ አንዱ ነው።