ሂስተሬክቶሚ፦ ማህፀን የሚወገደው በየት በኩል ነው?

«ሂስተሬክቶሚ» ከግሪክኛ የመጣ የሕክምና ቃል ነው፤ ማህፀንን ቆርጦ ማውጣት ማለት ነው። በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ማህፀን ማውጣት» ይባላል። ይህ አጠራር ግን «ማህፀን መውጣት» ከሚባለው ሕመም ጋር በቀላሉ ይምታታል። ሕመሙ ማህፀንን ደግፈው የያዙት ጅማቶችና ጡንቻዎች ሲላሉ፣ ማህፀኑ ወደ ታች ወርዶ አንዳንዴም ወደ ውጭ ሲታይ ነው። አንዲት እናት «ማህፀኔ ወጥቷል» ብትል ስለ ሕመሟ ትናገር ወይስ ስለተደረገላት ቀዶ ሕክምና፣ ሐኪሙ እንደገና መጠየቅ ይኖርበታል። ስለዚህ «ማህፀን የማስወገድ ቀዶ ሕክምና» የሚለው ይመረጣል።

ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው የሚደረገው ካንሰር ላልሆኑ ችግሮች ነው፦ ለማዮማ (የማህፀን እጢ)፣ በመድኃኒት ላልቆመ ብርቱ የደም መፍሰስ፣ ለማህፀን መውረድ።

ስሙ የሚወገደውን እንጂ መንገዱን አይናገርም። መንገዱ ደግሞ የሴቲቱን የማገገሚያ ጊዜ በእጅጉ ይወስናል።

ጀርመናዊው ኮንራድ ላንገንቤክ እ.ኤ.አ. በ1813 ማህፀንን ያወጣው በሴት ብልት በኩል ነበር። ቻርልስ ክሌይ በ1843 ማንቸስተር ውስጥ ሆድ ቀዶ ሞከረ፤ ታካሚዋ ግን አልተረፈችም። በሆድ በኩል ተደርጎላት የተረፈችው የመጀመሪያዋ ሴት የተገኘችው ከአሥር ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ፣ በዋልተር በርንሃም እጅ ነው። ማደንዘዣና የጀርም መከላከያ ሲሻሻሉ ሆድን ሰፋ አድርጎ መቅደድ ዋነኛው ዘዴ ሆነ።

በ1988 አሜሪካዊው ሃሪ ራይክ ማህፀንን በላፓሮስኮፒ አስወገደ። «ላፓሮስኮፒ» በካሜራ እየተመራ በትንንሽ ቀዳዳዎች የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው። ከዚያም ሮቦት መጣ። በአሜሪካ ሆስፒታሎች በተደረገ አንድ ጥናት፣ ካንሰር ላልሆነ ችግር ማህፀናቸው ከተወገደ ሴቶች መካከል በሮቦት የታከሙት በ2007 ከመቶ 0.5 ብቻ ነበሩ፤ በ2010 ግን 9.5 ደረሱ። ወጪው ከተለመደው ላፓሮስኮፒ ከ2,000 ዶላር በላይ ሲጨምር፣ ቀዶ ሕክምናው በታካሚዎቹ ላይ ያስከተለው ጉዳት መጠን ግን ተቀራራቢ ነበር። አዲስ መሣሪያ ሁሉ የተሻለ ሕክምና ነው ብሎ መቀበል እንደማይገባ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

በ2014ም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ማዮማን ሆድ ውስጥ ከታትፎ በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያወጣው መሣሪያ አስጠነቀቀ። ምክንያቱም ማዮማ የመሰለው እጢ አልፎ አልፎ ያልታወቀ ካንሰር ሆኖ ከተገኘ፣ መሣሪያው ሊበትነው ይችላል።

ታዲያ የትኛው ይመረጣል? የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2015 ያወጣው ግምገማ 47 ጥናቶችን አገናዝቦ፣ ሲቻል በብልት በኩል ማድረጉ በሆድ በኩል ከማድረግ እንደሚሻል ደመደመ፤ ሴቶቹ ወደ ዕለት ሥራቸው ቶሎ ይመለሳሉ። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2017 ይህንኑ መከረ። ከሁሉም አንጋፋው መንገድ ማለት ነው! ማህፀኑ በጣም ሲተልቅ ወይም ከአካባቢው አካላት ጋር ሲጣበቅ ግን ሆድ መክፈት ግድ የሚልበት ጊዜ አለ።

ይህ ሕክምና የታዘዘላት ሴት ሦስት ጥያቄ ትጠይቅ፦ በየት በኩል ነው የሚደረግልኝ? እንቁልጢዎቼ ይቀራሉ? የማህፀን በሬስ? የማህፀን በሯ የሚቀር ከሆነ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራዋን ማቋረጥ የለባትም።