ከጴጥሮስ ጉልላት ጀርባ

ሮም የደረሰ መንገደኛ የቅዱስ ጴጥሮስን ባዚሊካ ሳያይ አይመለስም። በርኒኒ ባቆማቸው 284 አምዶች የተከበበውን አደባባይ አቋርጦ ሲጠጋ ዓይኑ ወደ ላይ ይሳባል፤ ማይክል አንጄሎ የነደፈው ጉልላት እስከ መስቀሉ ጫፍ 136 ሜትር ያህል ይደርሳልና። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ግን ከመግባቱ በፊት መካከለኛው በር ላይ ቆም ቢል እመክራለሁ።

በሩ ነሐስ ነው። የፍሎረንሱ ቀራፂ ፊላሬቴ በ1445 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሠርቶ የጨረሰው ዛሬ ለምናየው ሕንፃ ሳይሆን፣ ቀድሞ በስፍራው ለነበረው የቆስጠንጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከትልልቆቹ ሥዕሎች መካከል ባሉት ጠባብ ሰሌዳዎች ላይ የምሥራቅ መነኮሳት በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት አውጌንዮስ 4ኛ ፊት ሲቀርቡና ሮም ሲገቡ ይታያል። ታሪኩ የ1441ዱ የፍሎረንስ ጉባኤ ነው፤ ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተላኩ ኢትዮጵያውያንም በዚያ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሮም መንገድ አልተዘጋም። በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ሲክስቱስ 4ኛ ከባዚሊካው በስተጀርባ ያለውን ትንሹን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ሰጡ። ሮማውያን እስከ ዛሬ “የሐበሾቹ እስጢፋኖስ” ይሉታል።

በ1506 ዩልዮስ 2ኛ ለአዲሱ ባዚሊካ የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። አሮጌው ፈርሶ አዲሱ እስኪመረቅ፣ እስከ 1626፣ 120 ዓመት ሄደ። እስጢፋኖስ ግን ከመፍረስ ተረፈ። እኔን ከጉልላቱ በላይ የሚያስደንቀኝ በእነዚያ የግንባታ ዓመታት በእስጢፋኖስ የተሠራው ሥራ ነው። ጀርመናዊው ካህን ዮሐንስ ፖትከን መነኮሳቱ ሲጸልዩ ሰምቶ ግእዝን ከእነርሱ ተማረ፤ በ1513ም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል አሳተመ። ግእዝ በማተሚያ መኪና ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ቀጥለው የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን መጡ። አገራቸው በጦርነት ከነደደች በኋላ እርሳቸው ከሁለት ወንድሞቻቸው መነኮሳት ጋር ሆነው በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። የያዙት የሐዋርያት ሥራ ቅጂ የጎደለ ስለነበር አብዛኛውን ከላቲንና ከግሪክ መመለስ ነበረባቸው። ፊደል ለቃሚዎቹም ግእዝ አያነቡም፤ ስለዚህ አባ ተስፋ ጽዮን በመጽሐፉ ውስጥ ለስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። ያን ገጽ ሳስብ የሰውዬው ድካምና ጨዋነት ልቤን ይነካዋል። በስደት፣ በባዕድ እጅ፣ ለአገራቸው ሰው መጽሐፍ ማድረስ ችለዋል።

ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍም በ1649 የአምሐራውን አባ ጎርጎርዮስን ያገኘው ሮም ውስጥ በእስጢፋኖስ መነኮሳት ዘንድ ነው። ከእርሳቸው የቀሰመው ዕውቀት በ1698 ለታተመው የአማርኛ ሰዋስው መሠረት ሆነ። አውሮፓ አማርኛን በሥርዓት መማር የቻለው በአባ ጎርጎርዮስ አስተማሪነት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም አለ፤ የመነኮሳቱ መቃብርና የግእዝ ጽሑፋቸውም በውስጡ ይገኛል። በቫቲካን ግዛት ውስጥ ስለሆነ ግን እንደ ባዚሊካው ዘው ተብሎ አይገባበትም፤ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፈቃድ ያላገኘ ጉልላቱ ላይ ወጥቶ በምዕራብ በኩል ወደ አትክልቱ ይመልከት፤ በኋላ ዘመን የተሠራው የኢትዮጵያ ኮሌጅም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።